ፍሬን የላትም

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ ናትናኤል ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና የሁለት ስኩተሮች ፎቶ አሳየኝ። ሁለቱም በባትሪ የሚሄዱ ናቸው። ጭሮ ውስጥ ባጃጆቹ ለነዳጅ ሲሰለፉ እየዋሉ ልጁ ባትሪ ቢመኝ አይፈረድበትም። አንደኛዋ ርካሽ ናት፣ በሌላዋ ዋጋ የእሷ ዓይነት ሁለት ይገዛል። ውዷ ለዋጋዋ ትሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። በወጣትነቴ ሞተር ነጂ እንደነበርኩ ከእናቱ ሰምቷል።

«ውዷን የወደድኳት ለምን መሰልዎት ጋሼ፣ ድምፅ የሚባል የላትም» አለኝ። «ከኋላዎ ብመጣ እንኳ አይሰሙኝም።»

እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ናትናኤል ይህን ልማዴን ስለሚያውቀው አላስተዋለም። ድምፄም እንዲህ የሻከረው በብርድ ነው ብሎ ነው ያደገው።

ጭሮ በመንግሥት ወረቀት አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን እኔ ከሂርና ጫት በሞተር የማመላልስ ጎረምሳ ነበርኩ። ጫት ጠላቱ ፀሐይ ነው። ጠዋት የተቀጠፈው ረፋድ ላይ ገበያ ካልደረሰ ፍየልም ዞር ብላ አታየውም። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ሁለት ስኩተሮች ብቻ በነበሩበት ጊዜ አንደኛዋ የእኔ፣ የጫት ጫኙ ነበረች። ሌላዋ የግርማ ነበረች። ግርማ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ አብረን ተምረናል፣ አብረን ከትምህርት ቤት ተባረናል።

የሁለቱን የፋብሪካ ስም አልጠራም። የማስታወቂያ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ከተማውም በስማቸው አያውቃቸውም ነበር። የግርማ ከጣሊያን አገር የመጣች፣ ቀለሟ እንደ እርጎ የነጣ፣ ስትሄድ ከሹክሹክታ በላይ የማታሰማ ነበረች፤ «እመቤት» ይሏታል። የእኔዋ የዚያችው ዓይነት ሆና ሌላ አገር በርካሽ የተሠራች ናት። የጢስ ማውጫዋ ማርሚታ ተበስቶ ጩኸቷ በሂርና መንገድ ካለችው አርበረከቴ ተነሥቶ ከተማ ይሰማ ስለነበር ስሟ «አዝማሪ» ነበር። በእመቤት ዋጋ ሁለት አዝማሪ ይገዛል። እኔ ይህን በየቀኑ ለግርማ ሳልነግረው አልውልም ነበር። እሱም የእኔዋ ፍሬን እንደሌላት፣ ሰው የሚከፍለው ለቀለም ሳይሆን ለመቆም እንደሆነ ሳይነግረኝ አይውልም። እውነቱን ለመናገር በፍሬኑ ነገር ልክ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ በጫማዬ ነበር የማቆማት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመካኒኩ በሰይፉ ጋራዥ በር ላይ ሻይ እየጠጣን ያው ክርክር ተነሣ። ግርማ ዛሬ የማልደግመውን ቃል እናቴን ጨምሮ ተናገረ። እኔ በዚያ ዕድሜ እጄ ከአፌ የሚቀድም ሰው ነበርኩ። የያዝኩትን ብርጭቆ ከነሻዩ ፊቱ ላይ ሰበርኩት። እሱም አልተኛልኝም፤ አፍንጫዬ ዛሬም ወደ ግራ ያዘነበለው በዚያ ቀን ነው። መሬት ለመሬት ስንንከባለል ሰይፉ የጎማ መፈተሻ ውኃ አምጥቶ ደፋብንና አለያየን።

ሰይፉ ትንሽ ቃል የሚያወጣ ሰው ነበር። «ነገ ተቀያየሩና ከሂርና እስከዚህ ንዱ» አለ። «ከዚያ ወዲያ የሚያወራ አይቶ ያውራ።» ግርማን በእኔ ሞተር ገድሎ ዕዳ እንዳይገባ የአዝማሪን የፍሬን ሸራ እዚያው አውልቆ አዲስ ገጠመላት። ግርማ ከንፈሩ እንደደማ ተነሥቶ በጋራዡ ፊት ለፊት ሞከራት። ያዘች። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። «አዲስ ሸራማ በሬም ያቆማል» አለና ወረደ፤ ይህን ሲል ግን ፈገግ ብሏል።

ጊዜው የጎረቤት አገር ወረራ ያስነሣው ጦርነት ምሥራቁን ያጥለቀለቀበት፣ ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሐረር ወጥተው ቁስለኛ ይዘው የሚመለሱበት የክረምት መውጫ ነበር። ከተማችን መግቢያ ላይ ኬላ አለ፤ ኬላ ሲባል በመንገዱ ላይ የተወጠረ አንድ ወፍራም ገመድ ነው። የገመዱ ጠባቂ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እሳቸው መኪናን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። የአዝማሪን ጩኸት ከቁልቁለቱ ራስ ሲሰሙ ገና ሳልደርስ ገመዱን መሬት ላይ ይጥሉታል፣ እኔም ሳልቆም ሳልፍ አንድ እፍኝ ጫት እወረውርላቸዋለሁ። ይህ «የገመድ» ይባላል፤ በሂርና መንገድ ላይ ያለ ጫት ጫኝ ሁሉ ያደርገዋል። በዚያ መንገድ ላይ ስመላለስ ያንን ገመድ ተወጥሮ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ከጦርነቱ ወዲህ ግን ለኦቦ ቱፋ ጠብመንጃ የያዙ፣ የከተማውን ሰው የማያውቁ ሁለት ወጣት ሚሊሺያዎች ተጨምረውላቸው ነበር። በዚያው ሰሞን በሌላ ኬላ ያልታወቁ ሰዎች ጥሰው ሲያልፉ አንድ ጠባቂ ገድለዋል ተብሎ ወጣቶቹ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የፈራ ሰው ጠብመንጃ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

በማግስቱ ሂርና ላይ ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃ ጠጣን፣ ሁለታችንም በተሰነጠቀ ከንፈር እያቃሰትን፤ አንዳችን የሌላችንን ፊት እያየን መሳቅ ጀመርን። ጫቱን በእመቤት ላይ ልጫን ብል ግርማ እንቢ አለ፤ መቀመጫዋን አላስረጥብም አለ። ስለዚህ ጫቱ በአዝማሪ ከግርማ ጋር ሆነ፣ እኔ ባዶዬን በእመቤት ፊት ፊት ሄድኩ።

ያቺን ሞተር መንዳት እንዴት ያለ ነገር ነበር! ማርሹ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላ ይገባል። ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። አርበረከቴ ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም፣ ማሽላው እስከ መንገዱ ዳር ቆሟል፣ እሸት የሚጠብስ ሰው ጢስ ይሸታል፤ ይህን ሁሉ በዚያ መንገድ ስመላለስ ሰምቼም አሽትቼም አላውቅም ነበር፣ የአዝማሪ ጩኸትና ጢስ መቼ ያስተርፋል። ወፍ ሲንጫጫ ሰማሁ። ለግርማ ልክ ነህ ልለው ወሰንኩ። ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ለቀቅኳት።

ገመዱን ያየሁት አጠገቡ ስደርስ ነው። ኦቦ ቱፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ምን ሰምተው ይጣሉት? ፍሬኗን ረገጥኩ፣ እመቤትም እንደ ስሟ ያዘች፣ ፍጥነቷን ባትሰብረው ኖሮ ራሴ ከአካሌ በተለየ ነበር። ቢሆንም ገመዱ አንገቴን ይዞ ወደ ኋላ ወረወረኝ።

መሬት ላይ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁት የጠብመንጃ ሰደፍ ነው። ጎድኔ ላይ አረፈ፣ ከዚያ አፌ ላይ። ወጣቶቹ «ሰርጎ ገብ! ሰርጎ ገብ!» እያሉ እየተቀባበሉ ወቀጡኝ። ጥርሴ ከደሜ ጋር ወደ ጉሮሮዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ስሜን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፉጨት ብቻ ወጣ። ጉሮሮዬ ተደፍጥጧል። ኦቦ ቱፋ ዞር ብለው ማን እንደሆነ ጠየቁ፣ ወጣቶቹም የማይታወቅ ሰው በማይታወቅ ሞተር ሊጥስ ሲል እንደያዙት ነገሯቸው። እሳቸው ፊቴን አያዩት፣ እኔ ድምፅ የለኝ። ረዥሙ ወጣት እግሩን ደረቴ ላይ አድርጎ ጥይት አጎረሰ።

ያኔ ከቁልቁለቱ ራስ የአዝማሪ ጩኸት ተሰማ።

የኦቦ ቱፋ ፊት በራ። «በቄ ዱፌ» አሉ፣ በቀለ መጣ ማለታቸው ነው፤ ገመዱንም እንደ ልማዳቸው ጣሉት። በቀለ እኔ ነኝ። ከእግራቸው ሥር በደም ተለውሼ የራሴን መምጣት ሰማሁ።

ግርማ ከመታጠፊያው ሲወጣ አየን። እኛን እስኪደርስ ረዥም መንገድ ነበረው፤ ለማቆም የሚበቃ። አላቆመም። የሞተሯ ድምፅ ሲያንስ ሳይሆን ሲጨምር ነው የሰማሁት። በወደቀው ገመድ ላይ አልፎ ደረቴ ላይ የቆመውን ወጣት ከነጠብመንጃው ገጭቶ ወረወረው። የወጣቱ ጭን ሲሰበር ጆሮዬ ሰምቷል። ሁለተኛው ከጎን ተኮሰ፣ ደግሞም ተኮሰ። ግርማ አጠገቤ ወደቀ፣ ጫቱ በሁለታችን ላይ ተበተነ። ሆዱን ይዟል፣ በጣቶቹ መሃል ደሙ ይወጣል። ተኳሹ ሊጨርሰው ከበላዩ ቆመ።

«ፍሬን የላትም» አለው ግርማ፣ እየተንተባተበ። «ሞተሯ የእሱ ናት፤ የዚህ የወደቀው፣ የበቀለ። ፍሬን የላትም ብዬው ነበር።»

ኦቦ ቱፋ ስሜን ሲሰሙ በአራት እግራቸው ድኸው መጡና ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። «በቄ? አንተ ነው?» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩት። አለቀሱ። ተኳሹ ጠብመንጃውን አወረደ።

ሦስታችንንም ቁስለኛ ጭኖ የሚመለስ መኪና ወሰደን። ግርማ ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ ሞተ፤ ስሙን ልጠራው ብዬ ያው ፉጨት ነው የወጣኝ።

ከዚያ በኋላ ተመርማሪ ሆንኩ። ጠባቂ በሞተር የገጨ ፀረ አብዮት ነው፤ እንዲህ ከተባለ የሟች አባት ሱቅም ቤቱም አይተርፍም፣ ወንድሞቹም ይለቀማሉ። ሞተሯ ፍሬን የሌላት ከሆነች ግን ነገሩ አደጋ ነው። ኦቦ ቱፋ ሟቹ በራሱ አፍ እንዲህ ብሏል ብለው መሰከሩ። ሰይፉም ተጠየቀና አሮጌ ሞተር እንደሆነች ብቻ ተናገረ። እኔም ፍሬን የላትም ወይ ሲሉኝ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እመቤትን መንግሥት ወረሳት፣ እኔንም ለቀቁኝ።

ከተማው ግን አልለቀቀኝም። በርካሽ ብረት ሰው የገደለ ተባልኩ። ወደ ግርማ ቤት ለቅሶ ስሄድ ወንድሙ በዱላ መታኝ፣ እጄን አላነሣሁም፤ እጄ ከአፌ ቀድሞ ያልተነሣበት የመጀመሪያው ቀን ነው። እናቱ እማማ ጽጌ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ያልፋሉ። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። ብናገር ልጃቸውን አወድሼ ቤታቸውን አፈርሳለሁ፤ ዝም አልኩ። ከዱላው ይልቅ ያቺ ነጠላ ታመኝ ነበር።

መንግሥቱ በተለወጠ ክረምት ፈራ ተባ እያልኩ በራቸውን አንኳኳሁ። ሳያስገቡኝ ደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ሸራው በዋዜማው መለወጡን፣ ልጃቸው ራሱ መሞከሩን፣ ነዳጅ ሲሰጣት መስማቴን ነገርኳቸው።

«ሸራው አዲስ ነበር?» አሉኝ።

«አዲስ ነበር እማማ።»

«እሱ'ኮ ከልጅነቱ ውሸት አይሆንለትም ነበር» አሉ። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱትና ግባ አሉኝ።

ናትናኤል ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ታዲያ የቷን ልግዛ ብሎ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ውዷን ግዛ፣ ለፍሬኗ ክፈል አልኩት። የጎደለውን እኔ እጨምራለሁ አልኩ።

ገዛት። በእውነትም አትሰማም። በመጣች በማግስቱ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሬ ከኋላዋ በሽቦ አሰርኩባት። ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እሱ ግን አልፈታውም። ማታ ማታ በራችን ላይ ተቀምጬ ራቴን ሳልነካ እጠብቃለሁ። ጠጠሩ ከቁልቁለቱ ራስ ሲንኳኳ በዚህ በተሰበረ ድምፄ «ዱፌ» እላለሁ፤ እህቴ ለእሷ የምናገር ይመስላታል።