ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም

ዛሬ ጋሽ በቀለን ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ከተትኳቸው። እኔው ነኝ፤ የሌላ ሰው እጅ የለበትም።

ጋሽ በቀለ ለቡ መብራት ኃይል ያለው ዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ከጎረቤት ጋር ተሰባስበን ለሽርሽር ሄደን ነበር።

በተራሮቹ መሃል የምትወስደን ጀልባ በጣም ጠባብ ናት። ቀዛፊው ገና ስንገባ፣ "ማንም እንዳይነሳ፣ ትገለበጣለች" ብሎ አስጠነቀቀን። እኔም ዞር ብዬ ሚስቴን "ሰምተሻል አይደል?" አልኳት። (መካሪዋን እዩልኝ!)

ጋሽ በቀለ መጨረሻ ላይ መጡ። አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ውስጥ ሲያሳርፉ፣ እኔ "ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ።

ጀልባዋ ዘመመች። እሳቸው "በእግዜር፣ አትነ..." እንዳሉ ከነጋቢያቸው ውሃው ውስጥ ገቡ።

ደግነቱ ዳር ስለነበርን ከወገባቸው አላለፈም። ሚስቴ ግን እስካሁን አላናገረችኝም።

ስንመለስ ጋሽ በቀለ የእኔን ቱታ ለብሰው መኪናው ውስጥ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለቡ ስንደርስ ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ ከእንግዲህ ተቀምጠህ አክብረኝ" አሉኝ።

ላክብር ብላችሁ ሰው ያዋረዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ነገ የዕድር ስብሰባ አለ። ጋሽ በቀለ ሲገቡ ሰው ሁሉ ይነሳላቸዋል።

እኔስ ምን ላድርግ?