የእናቴ የውሃ ተራ

በዚያ በጋ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የመስኖ ማኅበር ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭር ሲል፣ የጋሪ ፈረሶች ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ሲያንቀላፉ፣ እኔም ዓይኔን ሳልከድን ሕልም አያለሁ። ገበሬው ስሙን፣ የማሳውን ቁጥርና ውሃ የሚደርሰውን ቀን ይነግረኛል፤ እናቴም ከገበሬዎቹ አንዷ ነበረች። በማኅበሩ ድረ ገጽ ሣጥኖች ሞልቼ ስልከው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የጻፈው ፋንክሽን የሚባል የፕሮግራም ክፍል ይቀበልና የወሩን ተራ ያወጣል። ፋንክሽኑ የመጣለትን የሚለየው በገባበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ አንደኛው ስም፣ ሁለተኛው ማሳ፣ ሦስተኛው ቀን።

አንድ ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ቄስ ናቸው፣ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«ሰው ስሙን ከተናገረ ወዲያ ደብሩ አይጠየቅም እንዴ? እንዲያው ከየት እንደበቀለ ሳይታወቅ ውሃ ይሰጠዋል?»

እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር እንዲያ ነው። ከስም ቀጥሎ የደብር ሣጥን ጨመርሁ።

ድግስ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ሁሉም ብድግ ይልና አንድ አንድ ቦታ ዝቅ ይላል። ሣጥኖቹም እንዲሁ አደረጉ። ደብሩ የማሳውን ቦታ ያዘ፣ የማሳው ቁጥር የቀኑን። ቀኑ መቀመጫ አጥቶ ደጅ ቀረ፤ ፋንክሽኑ ትርፍ የሆነበትን ዝም ብሎ የሚጥል ነበርና። ስምና ቀን ብቻ ያለበት ማስታወቂያ ታትሞ ቦዩ ዳር ተለጠፈ።

እሑድ ወደ ገጠር ስወጣ፣ እናቴ የዓመት ተስፋዋን የጣለችበት የሽንኩርት ችግኝ ውሃ አጥቶ መሬት ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

«እምዬ፣ ቀንሽ ስምንት አልነበረም እንዴ?»

«ለዐሥራ ዘጠኝ ተብሎ ተለጥፎ የለ።»

ዐሥራ ዘጠኝ የማሳዋ ቁጥር ነው።

ሰኞ ፋንክሽኑን እንደገና ጻፍሁት። እያንዳንዱ መረጃ ስሙን ይዞ እንዲገባ፣ ማሳው «ማሳ ነኝ»፣ ቀኑ «ቀን ነኝ» እንዲል አደረግሁ፤ ከእንግዲህ ማንም ቢጨመር ማንንም ከቦታው አያስነሳም። በጣም አማረልኝ። ችግኙ ግን አልተነሣም።

የሁሉም ቀን ተሳስቶ ሳለ ሌላው ሰው ለምን እንዳልጮኸ ቄሱን ጠየቅኋቸው።

«ሰዉማ ተራውን ያውቀዋል፤ ወረቀቱን ማን ያየዋል ብለህ!» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትህን ብቻ፣ በስምንት ‹ውሃው የእርስዎ ነው፣ ወደ ማሳዎ ይልቀቁት› ብንላቸው፣ ‹ልጄ ያወጣውን ቀን አላፈርስም› ብለው፣ ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው ሲያልፍ አዩት።»