ሳልገባም ጠቦ ነበር

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የሰው እግር ነው። ሁለት አልጋ፣ ሦስት ሰው። አንደኛው ሰው አልጋ አልደረሰውምና ወለል ላይ ተጋድሞ እግሩን እስከ ሽንት ቤቱ ዘርግቷል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ወስደውብኛል፤ ሱሪዬን በእጄ ጨብጬ ገባሁ።

«አባባ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለኝ ወለል ላይ ያለው።

«ነኝ፣ ልጄ።»

ታክሲ ነጂ ነው። የትራፊክ ቲኬት ሳይከፍል አጠራቅሞ ነው የያዙት።

«እርስዎስ በምን ገቡ?»

«በሂሳብ።»

«እኔም እኮ በሂሳብ ነው!» ብሎ ሳቀ።

የእኔ ግን ሌላ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ነው። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባለች አንዲት ከተማ ዕድራችን ትንሽ አዳራሽ ሊሠራ ተነሣ። እዚህ አገር በጥር ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን አይተከልም፤ መሬቱ በበረዶ ደርቆ ካስማ አይቀበልም። ከተማው ደግሞ የፖሊስ ጣቢያውን ሊያስፋፋ ፈልጎ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ ያዋጣ የሚል ሐሳብ አመጣ። ስሌቱን በስብሰባ አስረዱን። አዳራሹ ይህን ያህል ሰው ይይዛል፤ ይህን ያህል ሰው በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ፖሊስ ይጠራል፤ ለዚያ ይህን ያህል የጣቢያ ወለል ያስፈልጋል፤ የወለሉን ዋጋ እናንተ ትከፍላላችሁ።

ለቅሶ ላይ ፖሊስ ማን ይጠራል? እሱስ ይሁን። ግን ጣቢያው ዛሬም እንደጠበባቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ያንንም ጥበት ከስሌቱ ውስጥ ከተውታል። በአስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ «የዛሬው ጥበት የማን ነው? ገና ባልተሠራ ቤት ላይ ለምን ትጭኑታላችሁ?» ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ አለቀና ደወሉ ጮኸ። መልስ ሳላገኝ ከማይክራፎኑ አልነሣም አልኩ። አልተነሣሁምም። ሁለት ፖሊሶች በብብቴ ይዘው አወጡኝ።

ወደ ማታ ገደማ ጠባቂው ወረቀትና ብዕር ይዞ መጣ። ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ሾፌሩ ተረጎመልኝ።

«ነገሩ እስኪወሰን ማዘጋጃ ቤት ድርሽ አልልም ብለው ሳይን ካደረጉ አሁኑኑ ይለቅዎታል። ካልሆነ ነገ ዳኛ እስኪያይዎት እዚሁ ነዎት። የከተማው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠውም ነገ ከሰዓት ነው።»

ጠባቂው ክፍሉን በእጁ እያሳየ ሌላም ተናገረ።

«እንዴት እንደጠበበን አዩት አይደል? ጣቢያውን ማስፋፋት የምንፈልገው ለዚህ ነው፣ ይላል።» ከዚያ ሾፌሩ ራሱ ጨመረበት። «አባባ፣ ሳይን ያድርጉና ይገላገሉ! እኔ ብሆን በጥርሴም ቢሆን እፈርም ነበር።»

ብዕሩን ተቀበልኩ።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ታስሬ ነበር። እዚያ አዲስ የገባ ሰው ከሽንት ባልዲው ሥር ነበር የሚተኛው፤ ልማድ ነው። እስረኛው ቦታ አካፋይ አድርጎ ሲመርጠኝ ያንን ልማድ ሻርኩት። ሰው በገባ ቁጥር ወለሉን በሲባጎ እንደገና እለካለሁ፤ የሁሉም መኝታ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። ጥበቱን ይዞ የመጣው አዲሱ ሰውዬ አይደለማ።

«እስቲ እግርህን ሰብስብ» አልኩት ሾፌሩን።

ተንበርክኬ ወለሉን በስንዝር ለካሁ። ሱሪዬ ሸርተት አለ፤ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በአንድ እጄ ስንዝሬን ይዤ ጨረስኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈምና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ጠባቂው ግን አላጣደፈኝም። ሾፌሩ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አሰፈረው።

«ወርዱ አሥር ስንዝር፣ ርዝመቱ አሥራ አራት። ሁለት አልጋ። ሦስት ሰው ነበረበት። እኔ ሳልገባም ጠቦ ነበር።»

ጠባቂው አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ፊርማ አይደለም።»

«አይደለም፣ ልኬት ነው። ከተጠራጠሩ ይለኩት፣ በለው።»

ጠባቂው አልለካም። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን፤ ከንፈሩ ሲቆጥር አይቻለሁ። ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ከጽሑፌ ሥር ስሙን ጻፈ።

«ሦስት ነበሩ» አለ። «እውነት ነው።» ወረቀቱንም መልሶ ሰጠኝ።

እዚያው አደርኩ። ሾፌሩ ወለሉ ላይ ሸሸት ብሎ «ይጠጉ አባባ» አለኝ።

በማግሥቱ ዳኛው አሰናበተኝ፤ የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ስብሰባው ደረስኩ። ሦስት ደቂቃ አልለመንኩም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ ጸሐፊዋ ከነጠባቂው ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ድምፅ መስጠቱ ቀረና ስሌቱ እንደገና ይሠራ ተባለ። ወራት ፈጀ። የድሮው ጥበት ከስሌቱ ወጥቶ የራሳችን ድርሻ ብቻ ደረሰን፤ ከፈልን። ድርሻዬን እምቢ ብዬ አላውቅም።

ዛሬ ጣቢያውም አዳራሹም ቆመዋል። ለቅሶ ሲበዛ ወንበር ይሞላል፤ መጨረሻ የመጣው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጉልበቴን ቢያመኝም ያኔ ቀድሜ ወንበሬን የምስበው እኔ ነኝ።

«ጠጋ በሉ» እላለሁ።

ይጠጋሉ።