ስኳር የቀመሰ እርሾ

በአልኮል ፋብሪካው ሠራተኞች ዘንድ «የእርሾዋ እናት» ትባላለች። ስሙ የወጣላት በቀልድ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን እንደ ካቴና እጇን ያዘ። የምትጠብቀው እርሾ እንደ ሌላው እርሾ አይደለም። ተራው እርሾ የበቆሎ ስታርች ቢቀርብለት ጦሙን ያድራል፤ ይኼኛው ስታርቹን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ራሱ እንዲሠራ ባዕድ ዘረመል ተጨምሮለታል። ዘረመሉ የውሰት ስለሆነ ታዲያ፣ እርሾው ከስታርች ሌላ ምግብ ካገኘ አውልቆ ይጥለዋል።

ባሏና ልጇ ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ከርመዋል። እሷም እዚያ ሥራ አግኝታለች፤ ቦታው የሚጠብቃት ግን እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ተተኪ አሠልጥኚ፤ እርሾው በእሱ እጅ ደህና መሆኑን አሳይተሽ ሂጂ» ብሏት ነበር። ተተኪው ዕድሜያቸውን በማብላያ ጋኖቹ መካከል የፈጁ ደግ አዛውንት ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ እርሾውን ለብቻቸው ለቀቀችላቸው።

ዓርብ ጠዋት እርሾው በተዘራበት የስታርች ሳህን ላይ አዮዲን አፈሰሰች። አዮዲን ስታርችን ያጠቁራል፤ እርሾው በልቶ ከሆነ በዙሪያው ነጣ ያለ ቀለበት ይቀራል። ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። ሌሎቹም ሳህኖች እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ምን አበሏቸው?»

«ቀጫጭን፣ ዐመዳም ሆነው ባያቸው አንጀቴ አልችል አለ፤ ከቤቴ ስኳር አምጥቼ ጣል አደረግሁላቸው። እንዴት እንደፋፉ አታዪም!»

«ለሁሉም?»

«ታዲያ ላንዱ ሰጥቼ ሌላውን ላስቀይም?»

 በማቀዝቀዣ የተቀመጠውን የእርሾውን ዘር አንቅቶ፣ ፈትኖ፣ አባዝቶ ለጋን ማድረስ ከወር በላይ ይፈጃል።

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን በበሩ አስገባ። «እህስ፣ የእርሾዋ እናት! ልጆቹ ደህና ናቸው? ልሸኝሽ?»

«ደህና ናቸው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ እሷ ከሄደች በኋላ ጋን ሙሉ በቆሎ ሳይፈላ ሲቀር፣ ከሥራ የሚባረሩት ሽማግሌው ናቸው። እሳቸው አሁንም የፋፋውን እርሾ በኩራት እያዩ ነበር።

«ተበላሽተዋል» አለች። «እንደገና እጀምራለሁ።»

«አይዞሽ፤ እኛ መቼ ጠላንሽ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ደስታውን ለመደበቅ እንኳ አልደከመም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሏ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጇ ናት።

«እማዬ፣ አልጋሽን እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» አለቻት፣ እናቷ አፏን ሳትከፍት።