ሦስት ወረቀት ያለው ውሻ

ደምለው ውሻውን ክርስትና አስነሳው ይባላል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ይህን ያልሰማ ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ትናንት ነው የገባው። ወሬው ሲነሳ ትንሽ ነበር። የደሴ ወሬ ግን እንደ መኪና አይደለም፤ ዳገት በወጣ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል። በአርባ ቀኑ ተጠመቀ ተባለ፤ ውሻው የአራት ዓመት ጎልማሳ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። የክርስትና አባቱ ማን እንደሆነ ሁለት ሴቶች ተከራክረው ተኳረፉ። አንዷማ ጠበሉ ሲረጭበት ውሻው አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ከታመነ ምንጭ ሰምታለች። የታመነው ምንጭ እህቷ ናት።

ደምለው ውሻውን ክርስትና አላስነሳም። ከቄስ ገብረ ማርያም ቤት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዞ ወጥቷል፣ ወረቀቱም ስለ ውሻው ነው፤ ይህ አይካድም። ነገሩን ለመረዳት ግን ከጠበል ሳይሆን ከሽሮ መጀመር ያስፈልጋል።

ደምለው ሃያ ሁለት ዓመት በአሰብ መስመር ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ቆመ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ሁለቱንም ዓይኖቹን ወሰዳቸው። «መንግሥት መንገዱን ዘጋ፣ እግዜር መስታወቱን ዘጋ» ይላል ራሱ፤ «ተነጋግረው መሆን አለበት።»

ከድሮ ኑሮው የቀረችው የረቡዕ ምሳ ብቻ ነበረች። የድሮ የአሰብ ሾፌሮች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ብዙዬ ምግብ ቤት ይገናኛሉ። ቀኑ ረቡዕ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ወሎ ላይ ተጋብቶ፣ ተዛምዶ፣ አብሮ አልቅሶ የኖረ ሰው የሚለያየው ሥጋ ሲቀርብ ነው፤ የአንዱ ቢላ ለሌላው አይሆንም። ረቡዕ ግን ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው፤ ሽሮ ደግሞ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ ሦስት ተጋቢኖ፣ አንድ ትሪ፣ ስምንት ሰው።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደምለው ዓይነ ስውር አይደለም። ከሚሌ ወዲያ ያለውን በረሃ እያንዳንዱን ጉድጓድ በቃሉ ያውቀዋል፤ የማን ጎማ የት እንደፈነዳ፣ ማን ፈርቶ እንዳለቀሰ ያወራል። ያለቀሰው ሰውዬ እዚያው ተቀምጦ «ውሸት ነው» ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ያለው ቀን ለደምለው መጠበቂያ ነበር።

መጀመሪያ እጁን ይዞ የሚያመጣው ይመር ነበር፤ ሃያ ዓመት ፊትና ኋላ ሆነው አሰብ የተመላለሱ የልብ ጓደኛው ነው። አንድ ረቡዕ ግን አንድ ደግ መንገደኛ ሁለቱን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያይ የደምለው መዳፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ አለፈ። ደምለው ቆመ።

«ይመር፣ ሳንቲሙን እንካ። የደከምከው አንተ ነህ» አለው። «እኔ ግን ሁለተኛ በሰው እጅ ተመርቼ ምሳ አልገባም።»

ከዚያ በኋላ ነው ውሻው የመጣው። ጋራዥ ውስጥ የተወለደ ቡናማ ቡችላ ነበር። ደምለው አንገቱ ላይ የሸራ ገመድ አሠረለትና ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረው። «ማርሽ» ሲለው ይነሳል፣ «ኩርባ» ሲለው ይዞራል፣ የቱቦ አፋፍ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ፍሬን ይይዛል። ይህን ከደሴ ባጃጆች አልተማረም። ስሙንም ረዳት አለው። በከባድ መኪና ላይ ረዳት ማለት ጎማ የሚፈታው፣ ዳገት ላይ ታኮ የሚያስገባው፣ ሾፌሩ ሲተኛ መኪና የሚጠብቀው ነው። ሾፌር ምንም ክፉ ቢሆን ረዳቱን ውጭ አስቀምጦ አይበላም። ከአንድ ትሪ ነው። ይህን ያፈረሰ ሾፌር ስሙ እሱን ቀድሞ አሰብ ይገባል።

ረዳት የመጀመሪያውን ረቡዕ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ አሳለፈ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ ይህ ገና ስላልበላበት ነው መሰለኝ ትንፍሽ አላለም። በሁለተኛው ረቡዕ ባለምግብ ቤቷ ብዙዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጋሼ ደምለው፣ ለእኔ እንኳ ግድ የለኝም» አለች። «ግን የሙስሊም ደንበኞቼን ሃይማኖት አከብራለሁ። ውሻ ለእነሱ ነጃሳ ነው።»

«ማን ከፋው?»

«ማንም። እኔ ነኝ ቀድሜ ያሰብኩላቸው።»

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ለሚሊኒየሙ በዓል ከቀበሌ የተሰጣት «ወሎ የመቻቻል ምሳሌ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደምለው አላየውም። ብዙዬም አላየችውም።

ከመንገዱ ማዶ የሙስሊም ምግብ ቤት ያላት ለይላ ትሻል እንደሆነ ብሎ ተሻገረ። ለይላም ወላሂ ለእሷ ግድ እንደሌላት፣ ነገር ግን ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ ስሜት እንደምትጨነቅ ነገረችው። አገሩ ሁሉ ለሌላው ሲያስብ የሚበላው ያጣ እሱ ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ረቡዕ ረዳትን ከስልክ እንጨት ጋር አሥሮ በግድግዳው እየተደገፈ ገባ። ተመልሶ ሲዳስሰው የውሻው ጆሮ ደም በደም ነበር። ድንጋይ የወረወረውን ማንም አላየም፤ በዚያ መንገድ ላይ ዓይነ ስውሩ ደምለው ብቻ አልነበረም።

የሾፌር ጭንቅላት ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ኬላ ላይ ገመድ ከተዘረጋ ወረቀት ጎድሏል ማለት ነው፤ ወረቀቱን ያመጣ ሰው ገመዱ ይወርድለታል። ደምለው የብዙዬ በር ኬላ መሰለው። ረዳትን አስቀድሞ ገራዶ ወረደ፣ ሸህ ይማም ዘንድ።

«ሸህ፣ የእርስዎ ሰዎች ናቸው አሉ ምሳዬን ያስከለከሉኝ» አላቸው።

ሸሁ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «አብሽር ልጄ። የአደን ውሻ፣ የከብት ውሻ የተፈቀደ ነው። ዓይን ያጣ ሰው የሚመራ ከከብት ጠባቂ ያንሳል እንዴ? መስጊድ አታስገባው። ዕቃ ከላሰ ዕቃው ሰባት ጊዜ ይታጠብ።»

«ሰባቱን ተዉት፤ ብዙዬ አንዴ ካጠበችውም ተመስገን ነው።»

ጻፉለት። ብዙዬ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «የሸህ ቃል ራስ ላይ ይቀመጣል» አለች። «ግን ጋሼ፣ ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ እኔ ጋ የሚመጡትስ?»

ቄስ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደ። «ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይረግጥም፤ በዚህ እንዳትመጣብኝ» አሉ ቄሱ። «ብዙዬ ቤት ግን ታቦት የገባው መቼ ነው?» እሳቸውም ጻፉ፣ ማኅተምም መቱበት። የታመነው ምንጭ በአጥር ቀዳዳ ያየችው ይህንኑ ማኅተም ነበር።

ብዙዬ ማኅተሙን ተሳለመች። «ጴንጤዎቹስ?» አለች። «ከኮምቦልቻ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ።»

ደምለው በድሮ ባልደረባው አይሱዙ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ረዳት ከኋላ ሸራው ላይ። ፓስተር ተስፋ በደስታ ተቀበለው። «በእኛ ዘንድ ርኩስ የሚባል ፍጥረት የለም፣ ወንድም ደምለው። ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት ግን ለዓይንህ እንጸልይ።» ግማሽ ሰዓት ያህል ጮኾ ጸለየለት።

«አሁን ምን ይታይሃል?»

«ብዙዬ» አለ ደምለው። «ወረቀትህን ይዛ ሌላ ሃይማኖት ስታስብ።»

ፓስተሩ ሳይቀየም ጻፈለት። ደምለው የሐረጎን ኩርባ በወገቡ እየቆጠረ ወደ ደሴ ወጣ።

በቀጣዩ ረቡዕ ሦስቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ብዙዬ በር ላይ ቆመ። ብዙዬ አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበቻቸው። ውስጥ፣ ከሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ነበር። ደምለው በሳላቸው ለያቸው፤ ሰባቱም አሉ። ንባቡን ሁሉም ሰምቷል።

«ሦስቱም ጥሩ አድርገው ጽፈዋል» አለች ብዙዬ ወረቀቶቹን እየመለሰች። «ግን ጋሼ፣ ሰው በገባ ቁጥር እኔ ሦስት ወረቀት ሳነብ ልዋል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይህ ሰው የምትይው፣ ቢሮው የት ነው? የእሱንም ማኅተም ላስመታ።»

ከጠረጴዛው ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ ደምለው ፊቱ ፈካ አለ። የመጣው ይመር ነበር።

«ነገሩን አታክብደው ደምለው» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወላሂ ሁላችንም ናፍቀንሃል፤ ወንበርህም ባዶ ነው። ውሻውን እዚያ እንጨቱ ላይ እሠረውና እጅህን ስጠኝ፣ ላግባህ።» እጅጌውን ያዘው።

ደምለው የይመርን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጅጌው አላቀቃቸው፣ ገመዱን አጠበቀ፣ ፊቱን ሳቁን ወደሚያውቀው ጠረጴዛ አዞረ።

«አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ልሂድ» አለ። «ከእናንተ ውስጥ ረዳቱን ውጭ ትቶ ገብቶ የበላ ሾፌር ካለ፣ እጁን ያውጣ። አትፈሩ፤ እኔ እንደሆንኩ አላይም።»

ሽሮው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።