ለማደጊያ የታጠፈ ማልያ

ነቀምቴ ማርኬቲንግ ስማር፣ መምህራችን ስለ አንድ ዓለም አቀፍ የስፖርት ልብስ ኩባንያ ሳምንት ሙሉ አስተማሩን። ኩባንያው አሸናፊውን ያለብሳል፤ ሰው ሁሉ አሸናፊው የለበሰውን ይሻል፤ በዓመቱ አዲስ ሞዴል ይወጣና የአምናው አሮጌ ይመስላል። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ወደ አንገር ጉቲን ወረድኩ። አባቴን ላድን ነበር የሄድኩት።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ ከመጡት አንዱ ነው፤ ልብስ ሰፊ። የተማሪ ማልያና ቱታ ሲሰፋ ኖሮ፣ የዚያን ኩባንያ ምልክት አስመስለው የለጠፉበት ቱታ ገበያውን ሲሞላው ደንበኞቹ አንድ በአንድ ራቁት። የስፌት መኪናውን ሊገዛው የፈለገ ሰው አኖ ከተማ ተገኝቶ ነበር። መኪናው ከተሸጠ አባቴ ምን ሆኖ እንደሚውል ማሰብ አልፈልግም ነበር።

«አብዬ፣ በትምህርት ቤቶቹ ሩጫ አንደኛ እንደምትወጣ የታወቀች ልጅ አለች። ለእሷ ማልያ ሰፍተህ በነፃ ስጣት» አልኩት።

«አብሽሪ፣ እሰፋለሁ» አለ።

ደግሞም ለልጅ ሲሰፋ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ማጠፉን እንዲተው ለመንኩት። ጨርቅ ብርቅ በነበረበት ዘመን የለመደው ነው። ልጁ ሲረዝም አንዱን እጥፋት ፈትቶ እንደገና ይሰፋለታል፣ ያውም በነፃ። «እንዲህ ከሆነ አዲስ ልብስ ከአንተ ማን ይገዛል?» ብዬ ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

የሩጫው ዕለት አንደኛ የወጣችው ልጅ ባለምልክቱን ለብሳ ገባች። የአባቴ ማልያ ከሁሉም ኋላ መጣ፣ አንዲት ቀጫጫ ልጅ ላይ። በንዴት ጦፍኩ።

«ለምን ለእሷ ሰጠሃት?»

«ያችኛዋማ አላት። ይቺ በወንድሟ ሸሚዝ ነበር የምትሮጠው።»

ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን የማርኬቲንግ ሊቅ ነበርኩ።

በዓመቱ፣ ገበያው አልመለስ ሲል አባቴ ለመሸጥ ተስማማና፣ የአኖው ሰው መኪናውን ሊወስድ መጣ። አባቴ አቧራውን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው አሰማምሮት ነበር። ዓይኔ እንባ እያቀረረ ከሰውየው ጋር መኪናውን በገመድ አሰርኩት። ቋጠሮውን ገና ሳንጨርስ ያቺ የመጨረሻዋ ልጅ ከእናቷ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመች። ማልያው እምብርቷ ጋ ደርሷል።

«አካም ጅርቱ ኦቦ?» አሉ እናትየው ሰላምታ ሰጥተው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ረዘመችብኝ። አንዱን ይፍቱላት።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ገለበጠ፣ እጥፋቶቹን በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር፤ እንደዚያ ሲሆን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«አንዱን ዛሬ ብፈታላት ገና ሁለት ይቀራታል» አለው ለአኖው ሰው።

«እና?»

«እና ሁለቱን ማን ይፈታላታል?»

ሰውየው መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ገመዱን እየፈታሁ ነበር።