ተራ የሌላቸው

ባለፈው ቅዳሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሄዳ ነበር። “ባባ፣ ሰልፉ ሁለት ሰዓት ነው ይላሉ። የሚያዘልለውን ፓስ ልግዛ? ሁሉም እየገዙ ነው” ይላል መልእክቷ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው። አስተካካዩ “ጋሼ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ” እስኪለኝ ድረስ ስልኩ ላይ አቀርቅሬ መቅረቴን አላወቅሁም። በመጨረሻ “ግዢ” ብዬ መለስኩላት። ልከልክላት ብል ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚጀምረው እሷ ሳትወለድ፣ በፈረንጆቹ 2007 ሰመር ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእናቴ ታላቅ እህት በእትዬ ዘነበች ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ነበር። ሶሊ የሳቸው ልጅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚጨርስ። በሌላኛው ክፍል ደረጀ ነበር፤ የእትዬ ዘነበች የሩቅ ዘመድ። ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰው። ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ክሪስታል ሲቲ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። ባልደረቦቹ ሁሉ የአገር ልጆች ስለነበሩ እንግሊዝኛው ከመኪና ስምና ከቁጥር እምብዛም አላለፈም።

አዲስ አበባ ሳለ መገናኛ ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። ስለዚያ ሥራው ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። “ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ይቀድማል። ከዚያ ውጭ ሚኒስትርም ቢሆን ከኋላ!” ይለናል። ማን ከማን በኋላ እንደመጣ ሳይጽፍ ያስታውስ ነበር። አንድ ሰው ጥሶ ሊገባ ሲል አይሳደብም፣ አይማታም። መዳፉን የሰውዬው ደረት ላይ ያሳርፍና “ወንድሜ፣ ተራ!” ይለዋል። ሳሎን ውስጥ እየተነሳ እኛን ጥሰው የሚገቡ ሰዎች አድርጎ ያሳየን ነበር።

ሶሊ ይህን አልለቀቀውም። “ዌይት፣ ተራ ማለት ሬጉላር አይደል? ተራ ሰው፣ ተራ ነገር?”

“እሱም ተራ ይባላል” አለው ደረጀ።

“ሶ አንተ የሬጉላር ሰዎች ቦስ ነበርክ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ “ሚስተር ተራ” ሆነ። ደረጀም አብሮን ይስቅ ነበር። አንዱ ቃላችን የሰውን ድርሻም የሰውን ማነስም እንደሚናገር ያሳየን አማርኛ በቅጡ የማይችለው ሶሊ ነው። ነገሩ ያኔ ቀልድ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። ደረጀ አሳይለም፣ ማለትም ጥገኝነት፣ አመልክቶ ኢንተርቪው ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱ ሲገኝ ሚስቱን ጽጌን ሊያመጣ ነው። ጠበቃው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል፦ ከፖሊስ ጋር የሚያገናኝ ነገር አጠገብ እንዳትደርስ። ስለዚህ ደረጀ ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና በሌለበት ሰዓት እንኳ ቀይ መብራት ጠብቆ ነበር የሚሻገረው። ሶሊ በዚህም ይስቅበት ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሶሊ ያውቅ እንደሆን አላስታውስም። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ የጠበቃውን ደብዳቤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እኔና ሶሊ ፓርክ ልንሄድ ስንዘጋጅ እትዬ ዘነበች ከላይ ወርደው፣ “ደረጀንም ውሰዱት። ከጋራዥ ሌላ ምን አይቷል? ብቻውንም እንዳትተዉት” አሉ። ሶሊ ፊቱን አጨማደደ። እትዬ ግን ቋንጣ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላልና ስንግ ቃሪያ በዕቃ ሞልተው ሰጡን፤ ከእንግዲህ እንቢ ማለት አይቻልም።

የቀለበት መንገዱ፣ የቤልትዌይ አስፋልት በማለዳ ይተን ነበር። የሶሊ ኮሮላ ኤሲ ስለማይሠራ መስኮቶቹን ከፍተን ነዳን። ደረጀ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የምናልፋቸውን ሰሌዳዎች ጮክ ብሎ ያነባል፣ እያንዳንዱን “ምን ማለት ነው?” ይላል። ምግብ ማስገባት ስለማይፈቀድ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ የመኪናውን ትራንክ ከፍተን በላን። ፍርፍሩ በሙቀቱ ለስልሷል። ከአጥሩ ወዲያ የፓርኩ የመዝናኛ ባቡር ቁልቁል ሲወርድ የሰው ጩኸት ይሰማል። ደረጀ እንቁላሉን እየላጠ “በፈቃዳቸው ነው እንዲህ የሚጮኹት?” ብሎ ከልቡ ያሳቀን እዚያ ነው። ያ ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነበር።

ከበሩ ገባ እንዳልን ሰልፍ የሚያዘልል ባንድ የሚሸጥበት ትንሽ ቤት አለ። ብርቱካናማ፣ እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ፕላስቲክ ነው። ደረጀ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ሶሊ ሁለት ገዛ። ሁለት ብቻ። “በኋላ ሂ ካን ዌይት፤ እኛ እንገባለን” አለኝ። ኪሳችን ውስጥ ከተትናቸው፤ ለደረጀ አልነገርነውም።

ከዚያ ሦስታችንም ለትልቁ ሮለር ኮስተር፣ ለዚያ ቁልቁል ለሚወርደው ባቡር ተሰለፍን። ሰልፉ በብረት አጥር ውስጥ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ጥላ የለም። የፀሐይ ክሬም ሽታና የፈሰሰ ሎሚናት የሚያጣብቀው መሬት እስካሁን ይታወሰኛል። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን፣ የሰልፉን ፊት ማየት ስንጀምር፣ ብርቱካናማ ባንድ ያሰሩ ሰዎች በጎን በር እየገቡ ከፊታችን ሲሳፈሩ አየን። ሰልፈኛው ሁሉ ያያቸዋል፣ ማንም ምንም አይልም። እነሱም ወደ እኛ አይመለከቱም። እኔ ያናደደኝ የእነሱ ማለፍ አልነበረም። ባንዱ በኪሴ እያለ ከተሰላፊው ጋር መታየቴ ነው ያሳፈረኝ። ሶሊም በጆሮዬ “ለምንድነው ከሱ ጋር የምንቃጠለው?” አለኝ።

ደረጀ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያያል። “እነዚህ ከየት ነው የሚገቡት? ሰሌዳው ምን ይላል?”

ሁለት ሰሌዳ ነበር። አንዱ የእኛን ሰልፍ ሬጉላር ይላል። ሌላው ባንድ ላላቸው ነው። ሶሊን አየሁት፤ ሳቁን በጉንጩ ይዞ ቆሟል።

“የኛው ተራ ነው ይላል” አልኩት።

“ያኛውስ?”

“ያኛው ተራ አይደለም።”

“ተራ አይደለም? ታዲያ ለምን ይገባሉ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። ተራ የላቸውም።”

የመጀመሪያው ትርጉም ነበር፣ ሁለተኛው ቀልድ፣ ሦስተኛው ውሸት። ሦስቱ መሀል አንድ ትንፋሽ እንኳ አልነበረም።

ደረጀ ወደ ጎን በሩ አየ። “ዝም ይባላል እንዴ እዚህ አገር?” አለኝ።

“ኧረ! ተራ የሚያስከብር ሰው ይመሰገናል እንጂ።”

“ችግር የለውም?”

“ምን ችግር አለው? አሜሪካ እኮ ነው።”

ደረጀ የብረት አጥሩን በአንድ እርምጃ ተሻገረ። በጎን በር ይገባ የነበረው ኮፍያ ያደረገ፣ ሎሚናት የያዘ ትልቅ ሰውዬ ነው። ደረጀ ፊቱ ቆመ፣ መዳፉን የሰውዬው ደረት ላይ አሳረፈና በዚያ በመገናኛ ድምፁ “ወንድሜ፣ ተራ!” አለው። በሌላው እጁ የሰልፉን መጨረሻ አሳየው።

አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰልፈኛው ግን ገባው። መጀመሪያ አንዲት ሴት አጨበጨበች፤ ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ አንድ ሰው አፏጨ። ደረጀ ወደ ጭብጨባው ዞሮ ፈገግ አለ። አሜሪካ ከገባ ወዲህ ሰው እንዲያ ሲያየው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔና ሶሊ አጥሩን ተደግፈን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ሰውዬው የደረጀን እጅ ሊያስለቅቅ ወደ ኋላ ሲሸሽ እግሩ ከጎን በሩ ሰንሰለት ጋር ተጠላልፎ ወደቀ። ክርኑ ተላጠ። ጭብጨባው ቆመ። ሁለት ጥበቃዎች ደረጀን በሁለት ክንዱ ሲይዙት ያጨበጨቡት ሰዎች ሰልፉ ላይ የለቀቀውን ቦታ ዘግተው አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጉ።

ሰውዬው ፖሊስ ይጠራልኝ አለ። የወሰዱን የጥበቃዎቹ ቢሮ ቀዝቃዛ ነበር። የመጣው ፖሊስ ቁጡ አልነበረም፤ ደብተሩን ከፍቶ “ለምን እንደገፋው ጠይቅልኝ” አለኝ። ደረጀ ጥያቄውን እስክተረጉም እንኳ አልጠበቀም።

“ሰሌዳውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ በላቸው። ተራ የላቸውም ስላልከኝ ነው። አልገፋሁትም፣ አቆምኩት እንጂ። ንገራቸው፣ ወንድሜ።”

ወደ ፖሊሱ ዞሬ “ይቅርታ ይላል። ሰልፉ ረዝሞበት ተናዶ ነው” አልኩት። ጻፈው። እስክሪብቶው ‘ተናዶ’ የሚለው ላይ ሲያልፍ አየሁ።

ኋላ ላይ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የዜግነት ማመልከቻዬ ነበር፤ ስሜ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ እንዳይገባ ፈርቼ ነው ብዬ። እውነቱን ለመናገር ማመልከቻው ትዝ ያለኝ ማታ ቤት ስገባ ነው። ቢሮው ውስጥ ሳለሁ የማስበው፣ እውነቱን ብናገር እኛም እንባረራለን፣ ባንዱም ሳንጠቀምበት ይቀራል የሚለውን ነበር።

ለደረጀ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ወረቀት ተሰጠው፤ ከፓርኩም እንዲወጣ ተደረገ። “መኪናው ጋ ጠብቀን፣ ዕቃችንን ይዘን እንመጣለን” አልኩት። ምንም ዕቃ አልነበረንም። ባንዱን አሰርንና እሱ በቆመበት በጎን በር ገባን። ሦስት ጊዜ ተሳፈርን። ሌሎቹንም አየን። ፓርኪንግ ሎቱ የደረስነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ቁልፉ እኛ ጋ ስለነበር ደረጀ ከመኪናው ጎን፣ ጠባቧ ጥላ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ከንፈሩ ደርቋል።

“ጨረሳችሁ?” አለ። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። “አንብብልኝ።”

አነበብኩና “ቀላል ነው፤ እንደ ትራፊክ ቅጣት ነው” አልኩት።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘነበች የደረጀን ፊት አይተው “ምን አደረጋችሁት?” አሉ። ሶሊ “ተናደደ፣ ሰው ገፋ፣ እማ” አላቸው። ደረጀ ሶሊን አላየውም፤ እኔን ነው ያየው። እኔ “አዎ” አልኩ። እትዬ “አይ ልጄ፣ ቁጣ በሰው አገር?” ብለው ገሠጹት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተግሣጹን ተቀበለ።

ክሱ ብርዱ ሲገባ ተዘጋ። ኢንተርቪው ላይ ግን የፖሊሱ ጽሑፍ ቀርቦ “ሲናደዱ ሰው ይመታሉ?” ተብሎ ተጠየቀ። ጉዳዩ ወደ ዳኛ ተመራ፣ ቀጠሮው እየተራዘመ ዓመታት ሄዱ። ያ ወረቀት ባይኖር ያኔውኑ ይፈቀድለት ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም፤ አላውቅም። የማውቀው መጠየቁን ነው፤ የተጠየቀውም በእኔ ቃል ነው። ፈቃዱን ሲያገኝ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። ጽጌ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው አግብታለች። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። እኔ ወደ ቨርጂኒያ ተሻግሬ፣ ጋዜጠኛ ሆኜ፣ ሰዎችን “በትክክል ምን አሉ?” እያልኩ የምጠይቅ ሰው ሆኜ ነበር።

እትዬ ዘነበች ካቻምና አረፉ። ለቅሶው ላይ ደረጀ መጣ፤ ፀጉሩ ከፊት ገባ ገባ ብሏል። በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንሆን አላስቻለኝም።

“ደሬ፣ ያን ቀን እኮ እያወቅሁ ነው የላክሁህ።”

“አውቃለሁ” አለኝ። “ሰውዬው ሲወድቅ ዞር ስል ትስቁ ነበር።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርክም?”

“ለማን?” አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። “አስተርጓሚዬ አንተ ነበርክ።”

ከልጄ መልእክት በኋላ ሰኞ ዕለት ደወልኩለት። ልጽፈው ነው፣ ትፈቅድልኛለህ አልኩት። “በምን ቋንቋ?” አለኝ። በአማርኛ አልኩት። “አማርኛማ እኔም እችላለሁ። የዋሸኸው በእንግሊዝኛ ነው። በሱ ጻፈው” አለና ስልኩን ዘጋ።

ሁለት ቀን በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። ሰሌዳው ጋ ስደርስ ‘ተራ’ አልተረጎም አለኝ፤ ሁለቱንም ትርጉም የሚይዝ ቃል አጣሁ። ለራሴም የቋንቋ ችግር ነው አልኩ። ነገር ግን ለመጻፍ የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም እንዲህ የሚል ነው፦ አልተናደደም፣ እኔ ነኝ የላክሁት። ይህ በየትኛውም ቋንቋ ቀላል ነው። ይኸው፣ ዛሬም የጻፍኩት በአማርኛ ነው።